ወደ ምናለሽ ተራ ያደረግነው ጉዞ፤ ያረጀ ዕቃ ለቤትና ለጓሮ ስለሚሰጠው ጥቅም

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው የአባቶች ተረት ከሁሉ ይልቅ የሚፈጸመው በየቤታችን ጓዳ ነው። ዘይቱ ያለቀበት ቆርቆሮ፥ እጀታው የወለቀ ባልዲ፥ የተበላ የመኪና ጎማ፥ እህል የመጣበት ማዳበሪያ ከጥግ ወድቆ ስናየው ቦታ ያጣበበ ቆሻሻ ይመስለናል። ቆራሌው በመንገድ ሲጮኽ የሰማን እንደ ሆነ ጠርተን በጥቂት ብር እንሰጠዋለን፤ ያው ዕቃ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላ መልክ ይዞ ወደ ገበያ ይወጣና፥ በርካሽ ያስወጣነውን በውድ ገዝተን መልሰን እናስገባዋለን። ይህም በሌላው ቤት ብቻ ሳይሆን በእኛም ቤት ሲፈጸም የኖረ ነገር ነው።

ስለዚህ የጣልነው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድና በማን እጅ እንደሚታደስ በዓይናችን ለማየት አስበን፥ በ2014 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ ቀን ጧት ከቤታችን አትክልተኛ ጋራ ሆነን ወደ ምናለሽ ተራ ሄድን። በዚያ ያየነውንና የተማርነውን፥ ደግሞም በዚያው ቀን ስለ ገዛ ቤታችን ያገኘንን ድንጋጤ፥ ለቤተ ሰብ ይጠቅማል ብለን ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን።

ጉዟችንን የጀመርነው ከአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ይህን ቦታ መነሻ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ የቆመው በዚህ ነበርና። ፋሺስት ኢጣሊያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዞ በነበረበት ዘመን ግን የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። መርካቶ የሚለውም ቃል በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ተሸንፎ ሲወጣ ገበያው ከነስሙ ቀረ። የብረት ሠራተኛውም ቋንቋ የዚያን ዘመን ምልክት እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል፤ ዝርጉን ብረት ላሜራ፥ የመኪናውን ሸክም የሚችለውን ብረት ባሌስትራ፥ እግሩን ጎማ ማለታችን ከዚሁ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ስሙ ከውጭ ይምጣ እንጂ ብረቱን ማረሻና ማጭድ የሚያደርገው እጅ ግን የአገራችን ሰው እጅ ነው።

በመርካቶ ውስጥ ያሉት ተራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት በሚሸጥባቸው ነገር ነው፤ ሸማ ተራ፥ በርበሬ ተራ፥ ጎማ ተራ ይባላሉ። ምናለሽ ተራ ግን ስሙ የዕቃ ስም ሳይሆን ጥያቄ ነው። «ምን አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ፥ የሚሻውን ዕቃ ለይቶ የሚጠራ አይደለም፤ ሻጪቱ ያላትን ተመልክቶ ለችግሩ የሚሆነውን በራሱ የሚያስብ ሰው ነው። በእውነትም በዚያ የደረሰ ሰው የሚያየው በመስተዋት ውስጥ የተሰናዳ ዕቃ አይደለም። በተዘረጋ ሸራ ላይ የበር ማጠፊያ፥ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፥ የቧንቧ ራስ፥ አንድ እግር የሌለው ወንበር፥ ጠርሙስና ክዳኑ በየወገናቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ የተጣመመ ሚስማር በድንጋይ ላይ እያቃና በቁመቱ ሲለየው አየን፤ የቀናውን ሚስማር ከአዲሱ በጥቂቱ አሳንሶ ይሸጠዋል።

ወደ ብረት ሠሪዎቹ ስንጠጋ ከመዶሻው ድምፅ የተነሣ ከጎናችን ካለው ሰው ጋራ ለመነጋገር ወደ ጆሮው መጠጋት አስፈለገን። 200 ሊትር የሚይዘውን የነዳጅ በርሜል በመሮና በመዶሻ ሰንጥቀው ይዘረጉታል፤ ከእርሱም የከሰል ምድጃ፥ የቡና መቁያ፥ ሣጥንና የበር ልባስ ይሠራሉ። ባሌስትራውን በከሰል እሳት አግለው መጥረቢያና ቢላዋ ያደርጉታል፤ የመኪና ሸክም እንዲችል የተሠራ ጽኑ ብረት ስለ ሆነ ስለቱን ይዞ ይቈያል። በርሜሉን በእሳት መቍረጥ ሲቀል ስለ ምን በመሮ እንደሚደክሙበት አንዱን ሽማግሌ ብንጠይቀው፥ «ባዶ መስሎህ ነው? ነዳጁ ቢያልቅ ተኑ አለበት፤ እሳት ቢነካው ይፈነዳል፤ በዚህ የተነሣ ሰው ሞቷል» ሲል መለሰልን። ይህን ያህል ዕውቀት ያለውን ሰው የቀድሞው ዘመን ሰው ቀጥቃጭ እያለ ይንቀው እንደ ነበር ስናስብ አፈርን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው ይታወሳል፤ ከዚያ አዋጅ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ሳለ፥ ብዙዎቻችን እንግዳ ሲመጣ ከቆርቆሮ የተሠራውን የአበባ ማሰሮ ከደጃፍ አንሥተን ወደ ጓሮ እንሸሽጋለን። እኛም ከእነዚያው ነበርን።

ከዚያ አልፈን የጎማ ሠሪዎቹን ሥራ ተመለከትን። ጎማ ሠሪው ቢላዋውን በውሃ እያራሰ ጎማውን እንደ ቆዳ ይገሸልጠዋል፤ ውሃው ቢላዋው ሳይያዝ እንዲያልፍ ይረዳዋልና። ከጎማው በረባሶ ይሠራል፥ የውሃ መቅጃ ይሠራል፥ ለአህያ ጭነት ማሰሪያ የሚሆን ጠፍር ያወጣል። በረባሶ የድኃ ጫማ ነው ተብሎ ሲናቅ ኖሯል፤ ነገር ግን ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራ አቋቁማ፥ ሶሉን ከአሮጌ ጎማ እያሠራች ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ገበያ አውጥታዋለች። የመኪናው ቸርኬም ቢሆን ከጎማው ከተለየ በኋላ ሥራ አያጣም፤ በብዙ የገጠር ተማሪ ቤት ከዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሕፃናቱን የሚሰበስብ ደወል ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ለውሃ የሚሆን ዕቃ ልንገዛ ጀሪካን ወደሚሸጥበት ሄድን። የአገራችን ሴት ቀድሞ ውሃ ስትቀዳ የኖረችው በእንስራ ነው፤ ኋላም ባዶ የላምባ ታኒካ እንስራውን ረዳው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ጀሪካን ተካቸው። ይህ ዕቃ መጀመሪያ የታሰበው ለጦርነት ነበር፤ ጀርመኖች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ለሠራዊታቸው ነዳጅ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሠሩ፤ እንግሊዞችም ጀርመኑን በቅጽል ስም ጄሪ ይሉት ስለ ነበር ዕቃውን ጀሪካን አሉት። ዛሬ በፕላስቲክ ተሠርቶ በየሰፈሩ በቧንቧ ፊት ተሰልፎ የምናየው እርሱ ነው።

ሻጪቱ ፀጕራቸው የሸበተ እናት ነበሩ። እኛም ከክምሩ ውስጥ ሰማያዊና ጽኑ የሆነውን አንዱን መርጠን አነሣን።

«ለምን ፈልጋችሁት ነው ልጆቼ?» አሉን።

«ለመጠጥ ውሃ ነው እማማ።»

ይህን ባልን ጊዜ ጀሪካኑን ከእጃችን ተቀብለው ከኋላቸው አኖሩት። «ይህ ለውሃ አይሆንም፤ የተባይ መድኃኒት የመጣበት ነው። እዚያ መሆኑንም አላወቅሁም ነበር» አሉን። እኛም ዋጋ ለማስጨመር ያደረጉት መስሎን፥ በደንብ ይታጠባል፥ በዋጋውም ላይ እንጨምራለን አልናቸው። እርሳቸው ግን አዘኑብን። «የገንዘብ ነገር አይደለም ልጄ። ፕላስቲክ የጠጣውን መርዝ ሳሙና አያወጣውም። እኔ ዛሬ ሸጬላችሁ ብገባ፥ ማታ የሚጠጣው ልጅ የማን ነው? ምን አለሽ ብላችሁ ብቻ አትግዙ፤ ምን ነበረበት በሉ።»

በዚህ ጊዜ ከኋላችን የቆመው አትክልተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ጋሼ፥ የእኛው የጓዳው ጀሪካንስ ምን ነበረበት?» አለን። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረንም።

ወደ ቤታችን የተመለስነው ምንም ሳንገዛ ነው። በጓዳችን ያለውን ሰማያዊ ጀሪካን ከሁለት ዓመት በፊት በደጃፍ ካለፈ ነጋዴ ገዝተነው ነበር፤ ውሃ በጠፋ ቀን ቤተ ሰቡ ሁሉ ከእርሱ ይጠጣል፤ የአራት ዓመት ልጅ የሆነው የልጅ ልጃችንም ኩባያውን ይዞ የሚሄደው ወደ እርሱ ነው። የቤታችን እመቤት ክዳኑን ከፍታ አሸተተችውና ሽታ የለውም አለች። ነገር ግን ሽታ አለመኖሩ ለንጽሕናው ምስክር አይሆንም፤ ሽታ የሌለው መርዝ ብዙ ነውና። ከበታቹ ያለውን ምልክት ብናይም ፕላስቲኩ ከምን ዓይነት እንደ ተሠራ ይናገራል እንጂ ምን እንደ ነበረበት አይናገርም። ስለዚህ ውሃውን ደፍተን፥ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት በብዙ ቦታ በስተን፥ ጢሱ እንዳይጎዳ ሳናቃጥለው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ነገሩን ነግረን ሰጠነው። ሕፃኑ በዚያ ታመመ አንልም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንጠይቅ ማጠጣታችን ግን የራሳችን ጥፋት ነው፤ የምንጽፈውም ሌላው ቤት እንዲጠይቅ ብለን ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ድንጋጤ የተነሣ ያረጀ ዕቃ ሁሉ ይጣል ወደ ማለት አልደረስንም። ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለምና። እናቶቻችን ማሰሮ ሲሰበር ገሉን ለፍም መያዣና ለዕጣን ማጤሻ ያደርጉታል፤ የተሰነጠቀውን ቅል ሰፍተው እህል ይሰፍሩበታል፤ ያረጀውን ጋቢ ለሕፃን መጠቅለያ ያውሉታል። በቅዱስ ወንጌልም እንደምናነበው፥ አምስት ሺህ ሰው በልቶ ከጠገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ ጌታ አዝዞ 12 መሶብ ሞላ፤ እንጀራን ማብዛት የተቻለው ጌታ ፍርፋሪውን አልናቀም። ስለዚህ እኛም የእማማን ጥያቄ ሕግ አድርገን፥ የቀድሞ ታሪኩን በምናውቀው ዕቃ ብቻ በጓሯችን የሚከተለውን ሠራን።

አንደኛ፥ የምግብ ዘይት ቆርቆሮ። ከምግብ በቀር ሌላ ያልነበረበት ስለ ሆነ ለቅመማ ቅጠል መትከያ ከሁሉ ይሻላል። አፉን ከፍቶ የተሳለውን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ውስጥ ማጠፍ፥ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ከታቹም አምስት ወይም ስድስት ቦታ በሚስማር መብሳት ያስፈልጋል። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ጠጠር አልብሰን፥ በላዩ ሁለት እጅ አፈር፥ አንድ እጅ የበሰለ ፍግና አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅለን ሞላንበት። ጤና አዳም፥ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ተክለንበት በሁለት ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው፤ መሬት ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ቀዳዳው ተደፍኖ ሥሩ ይበሰብሳልና።

ሁለተኛ፥ ማዳበሪያ። ከረጢቱ ይህን ስም ያገኘው የእርሻ ማዳበሪያ ይመጣበት ስለ ነበር ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን ስኳር ወይም እህል የመጣበትን ነው። ታችና ላይ የሌለው ቆርቆሮ ከከረጢቱ መካከል አቁመን በጠጠር እንሞላዋለን፤ በዙሪያው አፈር እንጨምራለን፤ ከዚያ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ስበን ደግሞ እንሞላለን፤ እንዲህ እያልን አፉ ስንደርስ በመካከሉ የጠጠር ዓምድ ይቆማል። ውሃው በዚህ ዓምድ ወርዶ ለሁሉ ይዳረሳል። ጎኑን በየስንዝሩ በትንሹ ሰንጥቀን ጎመንና ቆስጣ ተከልንበት፤ በላዩ ሰላጣ ዘራን። አንድ ክንድ በማይሞላ መሬት ላይ የቆመ ከረጢት ለወጥ የሚበቃ ጎመን ሲሰጥ፥ መሬት የለንም የሚለው ምክንያታችን ጠፋ። ፀሓይ ከረጢቱን ስለሚያደርቀው ግን ሳይፈረካከስና ከአፈሩ ሳይቀላቀል በጊዜው መለወጥ ይገባል።

ሦስተኛ፥ የውሃ ፕላስቲክ፥ ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው። ክዳኑን በመርፌ ብስተን፥ ቂጡን ቈርጠን፥ አፉን ወደ ታች አድርገን ከተክሉ ሥር አጠገብ ቀበርነው። የሞላንበት ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ይንጠባጠባል፤ በፀሓይ ጊዜ በላይ ከሚፈስሰው ይልቅ ብዙው ለተክሉ ይደርሳል።

አራተኛ፥ በርሜል ለዝናብ ውሃ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር የሆነ የቤት ክዳን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በወረደበት ቀን 400 ሊትር ይሰጣል፤ ይኸውም ሁለት በርሜል ሙሉ ነው። በአዲስ አበባ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ሳለ፥ ውሃውን በአሸንዳ አውርደን በደጃፍ እናፈስሰዋለን። በርሜሉ ሲሞላ 200 ኪሎ ስለሚመዝን በተደለደለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አለበት፤ የመጀመሪያው ዝናብ የክዳኑን አቧራ ስለሚያጥብ ይደፋ፤ ትንኝ እንዳይራባበት፥ ይልቁንም ሕፃን እንዳይወድቅበት፥ በጽኑ ክዳን ይከደን። ውሃውም ለአትክልትና ለግቢ እጥበት እንጂ ለመጠጥ አይሁን።

አምስተኛ፥ ፓሌት፥ ማለት ዕቃ በመርከብ ሲመጣ ከበታቹ የሚነጠፈው እንጨት። ሁለቱን ደራርበን የግቢ መቀመጫ አደረግን። በእንጨቱ ላይ በላቲን ፊደል የታተመውን ሳያዩ መግዛት ግን አይገባም፤ ኤች ቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ ኤም ቢ የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዘኛ ጢስ የታጠነ ስለ ሆነ ወደ ቤት አይግባ፥ ለማገዶም አይሁን።

ስድስተኛ፥ የመኪና ጎማ። በገመድ ተጠቅልሎ መቀመጫ፥ በአፈር ተሞልቶ የአበባ መደብ ይሆናል። በላስቲኩ ውስጥ ልዩ ልዩ ኬሚካል ስላለበት የሚበላ ነገር አልተከልንበትም። በውስጡም ውሃ ተቋጥሮ የትንኝ ቤት እንዳይሆን በብዙ ቦታ በሳነው።

ከእነዚህ ጋራ ሦስት ነገሮች ከቤት እንዲርቁ እናሳስባለን። የመኪና ባትሪ እርሳስ አለበትና ለማናቸውም ሥራ አይፈታ። ምንነቱ ካልታወቀ ቍርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ ድስት እርሳስ ሊገኝበት ስለሚችል ወጥ አይሠራበት። ጎማና ፕላስቲክም ለማገዶ አይቃጠሉ።

ክረምቱ ወጥቶ ጓሮው በለመለመ ጊዜ፥ ከዘይት ቆርቆሮዎቹ አንዱን ከነጤና አዳሙ ይዘን ወደ ምናለሽ ተራ ተመለስን። እማማ ከዚያው ከቦታቸው ተቀምጠው አገኘናቸው። መልካችንን ረስተውት ነበርና፥ ለውሃ ጀሪካን የከለከሉን እኛ ነን ብለን ነገርናቸው። እርሳቸውም ተክሉን ከማየታቸው በፊት ቆርቆሮውን ገልበጥ አድርገው ከሥሩ ተመለከቱና፥ «ዘይት ነው የነበረበት፤ ይህስ ደግ ነው» ብለው ተቀበሉን። ከዚያም ቅጠሉን ቀንጥሰው አሸተቱና መረቁን።

አንባቢዎቻችንም ቆራሌው በደጃፋችሁ ሲጮኽ፥ ከመጥራታችሁ በፊት ወደ ጓዳ ገብታችሁ ምን እንዳለ እንድትመለከቱ፥ ለሥራ ከማዋላችሁም በፊት ምን እንደ ነበረበት እንድትጠይቁ እንለምናችኋለን። ሥራውን በራሳችሁ እጅ ብትሠሩት፥ ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ቢሠሩ፥ የሠራችሁትንም እንግዳ ሲመጣ ባትሸሽጉት መልካም ነው። በእኛ ቤት የቆርቆሮ ማሰሮዎቹ ዛሬ ከጓሮ ወጥተው በፊት ለፊት ደረጃ ላይ ተደርድረዋል።